ዶክመንትስ፣ ፎቶና ዳውንሎድስ ከሲ ወደ ዲ ማዛወር፦ ፋይል ሳይጠፋ እንዴት ይደረጋል?

የሰኔ_ዝናብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ላይ ሲ ድራይቭ ቀይ ሆኗል። ከ90 ጊጋ የቀረው 1.8 ብቻ ነው። ዲ ላይ ግን 147 ጊጋ ባዶውን ተቀምጧል። የመመረቂያ ጽሑፌን ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር «ቦታ የለም» ይለኛል።

ዝም ብዬ ካት አድርጌ ፔስት እንዳላደርግ ፈራሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ዊንዶው ሊቀየርልኝ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ «ዲ ላይ ያለው አይነካም፣ የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው» አለኝ። እኔም ሲን ከፍቼ ያስቀመጥኩት ነገር ስለሌለ እሺ አልኩ። ፋይሎቼ ሁሉ ዴስክቶፕ ላይና ዶክመንትስ ውስጥ ነበሩ። ዴስክቶፕ ማለት ሲ ማለት መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የአባቴ የመጨረሻ ዓመት ፎቶዎች እዚያ ነበሩ። ተመልሼ ስሄድ «ቀድመሽ ብትነግሪኝ» አለኝ።

አሁን ያ እንዳይደገም እፈልጋለሁ። ዶክመንትስ 9፣ ፎቶ 21፣ ቪዲዮ 6፣ ዳውንሎድስ 12 ጊጋ ናቸው። ዊንዶው 11 ነው። እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አስረዱኝ።

ጠጋኙ፦

እህቴ፣ ስለ አባትሽ ፎቶ በጣም አዝናለሁ። እኔ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ይህን ታሪክ በየወሩ እሰማለሁ። ማንም ደንበኛ ዴስክቶፕ ሲ ላይ መሆኑን የማወቅ ግዴታ የለበትም። ከመደምሰሱ በፊት ከፍቶ ማየት ያለበት ባለሙያው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ዊንዶው ውስጥ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ፣ ሚውዚክና ቪዲዮስ የሚባሉት ተራ ፎልደሮች አይደሉም። ሲ ውስጥ «ዩዘርስ» የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ በስምሽ የተከፈተ ሌላ ፎልደር አለ። ስድስቱም እዚያ ነው የሚኖሩት። አድራሻቸውን ዊንዶው መዝግቦ ይዞታል። ስለዚህ ካት አድርገሽ አትጎትቺያቸው። አድራሻውን ራሱ ዊንዶውን አስቀይሪው።

መጀመሪያ ዲ ውስጥ ግቢና አዲስ ፎልደር ፍጠሪ። «የእኔ» በዪው እንበል። በእሱ ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ፍጠሪ፦ አንዱ ለዶክመንትስ፣ አንዱ ለፎቶ፣ አንዱ ለቪዲዮ፣ አንዱ ለዳውንሎድስ። ከዚያ ዶክመንትስ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ግቢ። ከላይ «ሎኬሽን» የሚል ታብ አለ። እሱን ስትከፍቺ የአሁኑ አድራሻ በሳጥን ውስጥ ተጽፎ ታያለሽ። «ሙቭ» በዪና ዲ ውስጥ የፈጠርሽውን የዶክመንትስ ፎልደር ምረጪ። «አፕላይ» ስትዪ «የድሮዎቹን ፋይሎች ሁሉ ወደ አዲሱ ቦታ ላዛውር?» ብሎ ይጠይቅሻል። «የስ» በዪ። ከዚያ አትንኪው፣ ይጨርስ።

ወርድና ኤክሴል ክፍት ከሆኑ ቀድመሽ ዝጊያቸው። የተከፈተ ፋይል አይንቀሳቀስም፣ መሐል ላይ ያቆምሻል።

ቤቴል_ልጅ፦

ጠጋኙ ያለው ልክ ነው። ግን አንድ ነገር በደማቁ ልጻፍ፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ።

እኔ «ሙቭ» ብዬ ዲን ራሱን መረጥኩ። ውስጡ ፎልደር አልፈጠርኩም። «አፕላይ» አልኩ። ከዚያ ዲ ሙሉ በሙሉ ዶክመንትስ ሆነ። ፊልሞቼ፣ የሶፍትዌር ፋይሎቼ፣ የእህቴ ፋይሎች፣ ሁሉም በአንዴ «ዶክመንትስ» ውስጥ ታዩ። ደንግጬ «ሪስቶር ዲፎልት» ስለው ደግሞ ዲ ላይ ያለውን ሁሉ ጠቅልዬ ሲ ላይ ልመልስ አለኝ። ሲ ላይ የነበረው ባዶ ቦታ 6 ጊጋ ነው!

ባሰብኝና ፒክቸርስንም ወደዚያው ዲ አዞርኩት። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም መለየት አቃተኝ። ፎልደሩን ማንቀሳቀስ አይቻልም የሚል መልእክት ብቻ ነው የሚሰጠኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ «አፕላይ» ከማለትሽ በፊት ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን አንብቢ። ከዲ በኋላ የፎልደር ስም ከሌለ አትጫኚ።

ሰላማዊት_ነኝ፦

@ቤቴል_ልጅ የኔም ልክ እንደዚህ ሆኗል፤ ዓመት ሞላው። እንዴት አወጣኸው? እስካሁን እንደዚያው ነው የምሠራበት።

ቤቴል_ልጅ፦

በሬጂስትሪ ነው የወጣሁት፤ ዊንዶው ሴቲንጉን መዝግቦ የሚይዝበት ቦታ ነው። «ሬጅኤዲት» ብለሽ ክፈቺ። «ከረንት ዩዘር» ከሚለው ተነስተሽ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ኤክስፕሎረር እያልሽ ውረጂ። መጨረሻ ላይ «ዩዘር ሼል ፎልደርስ» የሚል አለ። እዚያ ውስጥ የእያንዳንዱ ፎልደር አድራሻ ተጽፏል። ዶክመንትስን በስሙ አታገኚውም፣ «ፐርሰናል» ነው የሚባለው። ፎቶው «ማይ ፒክቸርስ» ነው። አድራሻውን ለሁለቱም ለየብቻ አስተካክዪ፣ ከዚያ ከአካውንትሽ ወጥተሽ ግቢ።

ሬጂስትሪው አድራሻ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ፋይል አያዛውርም። የምትጽፊው ፎልደር ቀድሞ ዲ ላይ መኖር አለበት። የዶክመንትስሽን ፋይሎች እየለየሽ ወደ እሱ ማስገባት ያንቺ ሥራ ነው። ደግሞ ከመንካትሽ በፊት «ዩዘር ሼል ፎልደርስ» የሚለውን ራይት ክሊክ አድርገሽ «ኤክስፖርት» በዪና አስቀምጪው። ብትሳሳቺ የምትመለሺበት እሱ ነው።

ሰላማዊት_ነኝ፦

ሠራልኝ! ዓመት ሙሉ የታገስኩት ነገር በ10 ደቂቃ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ኑሮ_በአል_ዓይን፦

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ አድቫንስድ ብትገባ «አዲስ ነገር የት ይቀመጥ» የሚል አለ። እዚያ ዲ ብሎ መምረጥ ነው። እኔ ለወንድሜ ላፕቶፕ ገዝቼ ስልክለት ያስተካከልኩለት እንደዚያ ነው።

ጠጋኙ፦

ወንድሜ፣ እሱ ለአዲሱ ብቻ ነው። የድሮው ፋይል ሲ ላይ እንዳለ ይቀራል። የእህታችን ችግር ደግሞ የድሮው 48 ጊጋ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ያ ምርጫ ዲ ላይ በራሱ ስም ሌላ ፎልደር ይፈጥራል። ሰው ሁለት ዶክመንትስ ይኖረውና የትኛው ውስጥ እንዳስቀመጠ ይጠፋበታል። ለወንድምህ ደውለህ የድሮ ፋይሎቹ የት እንዳሉ ጠይቀው፤ ከመጥፋታቸው በፊት ቢያውቅ ይሻላል።

ኑሮ_በአል_ዓይን፦

ደወልኩ። እውነትህን ነው፣ የትምህርት ፋይሎቹ ግማሹ ሲ ላይ ናቸው። ዛሬ ማታ በቪዲዮ ሆነን አብረን እናስተካክለዋለን። አመሰግናለሁ።

የሰኔ_ዝናብ፦

ሎኬሽን ታቡን ከፈትኩት። ግን የእኔ ሳጥን ውስጥ «ዋንድራይቭ» የሚል ቃል አለበት። ያዘዛችሁኝን አላደረግኩም፣ ቆምኩ። ምንድነው እሱ?

ጠጋኙ፦

መቆምሽ ጥሩ ነው። ዊንዶው 11 ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባሽ ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን ባክአፕ ላድርግልሽ ብሎ ወደ ራሱ ፎልደር ሊወስዳቸው ይችላል። ያ ፎልደርም ያው ሲ ላይ ነው። በነፃ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ 5 ጊጋ ብቻ ስለሆነ 21 ጊጋ ፎቶሽን አይችለውም። እስካሁን «ሞላ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሳያመጣብሽ አይቀርም።

እሱን ሳታስቆሚ «ሙቭ» አትበዪ። ከታች በቀኝ፣ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የደመና ምልክት ተጫኚ። ሴቲንግስ ውስጥ «ሲንክ ኤንድ ባክአፕ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ባክአፕ» ግቢና አንድ በአንድ አጥፊያቸው። ስታጠፊ ዶክመንትስሽ ባዶ ሆኖ ሊታይሽ ይችላል። አትደንግጪ፣ አልጠፋም። ፋይሎቹ ዋንድራይቭ የሚለው ፎልደር ውስጥ ናቸው። ከዚያ አውጥተሽ ወደ ተራው ዶክመንትስ መልሺያቸው። ሁሉም መምጣቱን ካየሽ በኋላ ወደ ዲ ጉዞ ነው።

አንዳንድ ፋይል ላይ የደመና ምልክት ብቻ ካየሽ እሱ ኮምፒውተርሽ ላይ የለም፣ ኢንተርኔት ላይ ነው። ራይት ክሊክ አድርገሽ «ሁልጊዜ እዚህ ይቀመጥ» የሚለውን መርጠሽ እስኪወርድ ጠብቂ።

የሒሳብ_ሠራተኛ_አዳማ፦

ልጆቼ፣ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው የምትጽፉት። እኔም ዛሬ ዶክመንትሴን ወደ ዲ አዛውሬያለሁ። ሰኞ ዕለት ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር ፎርማት ላስደርግ ነው። የፒችትሪ ሒሳቤም አብሮ ዲ ላይ ሄዷል ማለት ነው?

ጠጋኙ፦

ጋሼ፣ አልሄደም! እባክዎ ሰኞ ከመድረሱ በፊት ይህን ያንብቡ። ፒችትሪ የድርጅቱን መዝገብ ዶክመንትስ ውስጥ አያስቀምጥም። ሲ ላይ በራሱ ፎልደር ነው የሚይዘው፤ እንደ ቨርዥኑ ቦታው ይለያያል። ሲ ሲደመሰስ አብሮ ይደመሰሳል።

ፕሮግራሙን ይክፈቱና «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «ባክ አፕ» ይበሉ። መጨረሻው ፒቲቢ የሆነ አንድ ፋይል ይሰጥዎታል። እሱን ዲ ላይም ፍላሽ ላይም ያስቀምጡት። ከአንድ በላይ ድርጅት ከያዙ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ያድርጉ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፒችትሪ ካለ «ሪስቶር» ብለው ሞክረው ይዩት። ተከፍቶ ሳያዩት ፎርማት አያስደርጉ።

የክሮም ቡክማርክና በክሮም የተቀመጠ ፓስወርድም እንደዚሁ ነው። «አፕ ዳታ» የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ሲ ላይ ነው ያለው።

የሒሳብ_ሠራተኛ_አዳማ፦

ልጄ፣ ተባረክ። የአምስት ድርጅት ሒሳብ ነው የያዝኩት። ላብ በላብ ሆኜ ነው ያነበብኩት።

ኮዱን_ስጠኝ፦

ለምን አንድ በአንድ ትለፋላችሁ? «ዩዘርስ» ፎልደርን ከነአፕ ዳታው ዲ ላይ ወስዶ በ«ኤምኬሊንክ» ትእዛዝ ማገናኛ መሥራት ነው። ዊንዶው ሲ ላይ ያለ ይመስለዋል። በአንድ ጊዜ ግልግል።

ጠጋኙ፦

ችሎታህን አከብራለሁ፣ ግን ለሷ አልመክርም። እኔ ራሴ የራሴን ማሽን እንደዚያ አድርጌ ነበር። ለወራት ቆንጆ ሠራ። ትልቁ አፕዴት ሲመጣ አልጭንም አለ። በኋላ ሳነብ የተጠቃሚዎችን ፎልደር በሙሉ በማዋቀሪያ ፋይል ከሲስተም ድራይቭ ውጭ ማድረግ ወደ አዲስ ቨርዥን መሻገርን እንደሚያግድ ማይክሮሶፍት ራሱ በሰነዱ አስጠንቅቋል። የኔ መንገድ ትንሽ ቢለይም የደረሰብኝ ያው ነው። የዊንዶው 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። ብዙ ሰው አሁን ወደ 11 እየተሻገረ ባለበት ጊዜ ይህን በር መዝጋት ትክክል አይመስለኝም።

አፕ ዳታ ይቅር። ፕሮግራሞች በየሰከንዱ የሚነካኩት ነገር ነው። ፎቶ፣ ጽሑፍ፣ ቪዲዮ፣ ዳውንሎድ በቂ ነው።

ኮዱን_ስጠኝ፦

ገባኝ፤ እኔ የምሠራው ለራሴ ስለሆነ ስለ አፕዴቱ አላሰብኩም ነበር። ለሷ የሎኬሽኑ መንገድ ይሻላል።

ካሜራማን_27፦

ፎቶ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ፦ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ኤዲት ፕሮግራም ካታሎጉን ፒክቸርስ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ፒክቸርስን ስታዛውሩ ፎልደሮቹ ላይ የጥያቄ ምልክት ይመጣል። ጠፍተው አይደለም፣ የድሮውን አድራሻ እየፈለገ ነው። በግራ በኩል ዋናው ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር» በሉና አዲሱን ቦታ አሳዩት። ከላይ ያለውን አንዱን ካሳያችሁት ውስጡ ያሉት ተከትለው ይመጣሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ የሁለት ሠርግ ፎቶ እንደ አዲስ ኢምፖርት አድርጌ ኤዲቱን ሁሉ ደገምኩት።

ሌላው የዳውንሎድስ ጉዳይ ነው። የብዙዎቻችንን ሲ የሚሞላው ቴሌግራም ነው። የወረደውን ሁሉ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ያስገባል። ከማዛወርሽ በፊት እሱን ክፈቺና በመጠን ደርድሪው። ግማሹን ድጋሚ አታዪውም። ያየሽው ቪዲዮ መሸጎጫም ለብቻው ሲ ላይ ይከማቻል። እሱን በቴሌግራም ሴቲንግስ «አድቫንስድ» ውስጥ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ብለሽ ማጽዳትና መጠኑን መወሰን ትችያለሽ።

የሰኔ_ዝናብ፦

እውነት ነው! ከ12 ጊጋው ዳውንሎድስ 9ኙ ቴሌግራም ሆኖ ተገኘ። የክፍል ጓደኞቼ የላኩት ያው አንድ ፒዲኤፍ ስድስት ጊዜ ወርዶ አገኘሁት።

አንድ ጥያቄ። ሰፈራችን መብራት በየጊዜው ይጠፋል። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ 20 ደቂቃ አይቆይም። መሐል ላይ ቢጠፋስ?

ጠጋኙ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላ ሲዛወር ዊንዶው መጀመሪያ ይገለብጣል፣ ከዚያ የድሮውን ይሰርዛል። መሐል ላይ ቢቋረጥ ከፊሉ እዚህ፣ ከፊሉ እዚያ ሊሆን ይችላል። የመገልበጥ ተራ ላይ የነበረው ፋይል ደግሞ አዲሱ ቦታ ላይ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንቺ እንደዚህ አድርጊ። በመጀመሪያ ሁሉንም በኮፒ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ካት አይደለም፣ ኮፒ። ሲጨርስ ሁለቱንም ፎልደር ፕሮፐርቲስ ከፍተሽ የፋይሉን ብዛትና መጠን አስተያዪ። እኩል ከሆነ ብቻ ወደ «ሙቭ» ሂጂ። ያኔ መብራት ቢጠፋም የምትመለሺበት አለሽ። ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርጊ። ዛሬ ዶክመንትስ፣ ነገ ፎቶ።

ሊኑክስ_ወዳጅ፦

ልጨምርበት። የእሷ ሲና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። 90 እና 147 ሲደመር 237 ጊጋ ነው። 256 ጊጋ የተባለ ኤስኤስዲ ዊንዶው ላይ 238 ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ዲ ላይ መዛወሩ ከፎርማት ያድናታል እንጂ ዲስኩ ራሱ ቢሞት አያድናትም። ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ኮፒ «አሁን ዲ ላይ አለኝ» ብለሽ እንዳትሰርዢው፣ እለምንሻለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻውን ትንሽ ነው። እሱን ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፣ ወይም በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ በየሳምንቱ ወርውሪው።

የሰኔ_ዝናብ፦

ታዲያ በቀጥታ ወደ ኤክስተርናሉ ባዛውረውስ? ዲ ላይ ከምወስደው።

ሊኑክስ_ወዳጅ፦

አይሆንም። ነቅለሽው ኮምፒውተሩን ስትከፍቺ ዶክመንትስሽ «ቦታው አልተገኘም» ይልሻል። ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ከተሰካ ደግሞ ፊደሉ ሊቀየር ይችላል። ትናንት ኢ የነበረው ዛሬ ኤፍ ይሆናል። ኤክስተርናል ለኮፒ ብቻ ይሁን።

የመን_ሥር፦

ወደፊት ፎርማት ለምታስደርጉ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ዊንዶው እንደገና ከተጫነ በኋላ ዲ ላይ ያለውን ፎልደር ስትከፍቱ «ፈቃድ የለህም» ሊል ይችላል። አዲሱ አካውንት በስም አንድ ቢሆንም ለዊንዶው ሌላ ሰው ነው። «ኮንቲንዩ» በሉት፣ ትንሽ ቆይቶ ይከፍታል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ፣ በተለይ ከ24ኤች2 ቨርዥን ወዲህ እንደ አዲስ በተጫነ ዊንዶው 11 ላይ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዲስኩ በራሱ ሊቆለፍ ይችላል። ዲም አብሮ ይቆለፋል። ሲ ከተደመሰሰ በኋላ ዲ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ እያለ የለም ማለት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በርቶ እንደሆነ ቀድማችሁ እዩ። ከበራ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

የሒሳብ_ሠራተኛ_አዳማ፦

ባክአፑን ወስጄ የጓደኛዬ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። አምስቱም ድርጅት ተከፈተ፣ ሒሳቡም ልክ ነው።

እኔም አንድ ነገር ላካፍል። በ1990ዎቹ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች አሉኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ፎርማት ሳስደርግ ፋይሎቹ ዲ ላይ ስለነበሩ ተረፉ። ስከፍታቸው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ሆኑ። የተበላሹ መስሎኝ ልሰርዛቸው ነበር። ለካስ የጠፋው ፎንቱ ነው። ፎንት የሚቀመጠው ሲ ላይ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው። የድሮ ጽሑፍ ያላችሁ ፎንቱንም ኮፒ አድርጋችሁ ዲ ላይ አስቀምጡ። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንትም ቢሆን ዊንዶው 10 እና 11 ላይ በ«ኦፕሽናል ፊቸርስ» በኩል ካልተጨመረ አብሮ አይመጣም።

የሰኔ_ዝናብ፦

ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ግን ጨረስኩ። ዋንድራይቩን አቆምኩ። ሁሉንም ኤክስተርናል ላይ ኮፒ አድርጌ ብዛቱን አስተያየሁ። ፎቶዎቹ ጋ 14 ፋይል ጎድሎ ነበር። ስፈልጋቸው ያ የደመና ምልክት ያለባቸው ናቸው። አውርጄ ደገምኩት፣ እኩል ሆነ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ዲ አዛወርኩ። «አፕላይ» ከማለቴ በፊት በየጊዜው ሳጥኑን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቪዲዮ ላይ መብራት ጠፋ፣ ግን 6 ጊጋ ስለነበር ባትሪው አደረሰኝ።

አሁን ሲ ላይ 50 ጊጋ ገደማ ባዶ አለ። ወርድ ሲከፈት ራሱ ፈጥኗል። ኤክስተርናሉን ለእናቴ ሰጥቻታለሁ፣ ከሰነዶቿ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

ጠጋኙ፦

እንኳን ደስ ያለሽ። ዴስክቶፕሽንስ? ከመጀመሪያው የጎዳሽ እሱ ነው።

የሰኔ_ዝናብ፦

እሱንም በዚያው መንገድ ወሰድኩት። ሎኬሽን ላይ አሁን ዲ ይላል።

የሒሳብ_ሠራተኛ_አዳማ፦

ልጄ፣ ፎንቱንስ?

የሰኔ_ዝናብ፦

አዎ ጋሼ፣ ፎንቶቹን ሁሉ ገልብጫለሁ። የአባቴ አንድ ደብዳቤ በኢሜይሌ ውስጥ ተርፎ ነበር፣ እሱም በፓወር ግዕዝ ነው የተጻፈው። ዛሬ ከፈትኩት፣ ፊደሉ ይነበባል።